ቤት መውለድ፣ ብቻ መውለድ፣ እና «ማን ይጠየቅ?»፦ ከጣና ዳር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዋላጅ ነኝ። አብዛኛውን ዘመኔን ጣና ዳር ባለ ጤና ጣቢያ ሠርቻለሁ፤ አሁን ያለሁት ባሕር ዳር ከተማ ነው። ጥያቄ የማይከተለኝ ቦታ የለም። ባጃጅ ውስጥ፣ ልቅሶ ቤት፣ ማኅበር ላይ፣ አራስ ጥየቃ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ጠያቂው ሁለት ዓይነት ሆኗል። የገጠሯ «ቤት ብወልድ ምን አለበት?» ትላለች። የከተማዋ ስልኳን ታወጣና «ይችን ተመልከቻት፣ ብቻዋን ወለደች እኮ» ትለኛለች። የሁለቱም ነገር መዞሪያው አንድ ነው፤ ክፉ ቢመጣ ማን ይጠየቃል? የምመልሰውን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። አንዳንዱ መልስ ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

ቤት መውለድና ብቻ መውለድ አንድ ነው?

አይደለም። ክርክሩ የሚጦዘው ሦስት የተለያየ ነገር በአንድ ስም ስለሚጠራ ነው።

አንደኛው የምናውቀው ነው። አማት ወይም እናት ወገብ ይዛ፣ የልምድ አዋላጅ ተጠርታ፣ ሴቶቹ «ማርያም ማርያም» እያሉ የሚወለደው። ሁለተኛው እንደ ኔዘርላንድና እንግሊዝ ባሉ አገሮች ያለው ነው። እዚያ የሠለጠነች አዋላጅ መድኃኒቷንና ዕቃዋን ይዛ እቤት ትመጣለች፤ ነገሩ ከከበዳት አምቡላንስ ትጠራለች። ሦስተኛው አስቦና አቅዶ፣ ባለሙያ የሚባል ሰው ሳይጠሩ መውለድ ነው። ስልክ ላይ የምታዩት አብዛኛው ይኼ ነው።

ማሳ ላይ ወይም ጀልባ ላይ ምጥ አጣድፏት የወለደች ሴት ግን ከሦስቱም ውስጥ የለችበትም። እሷ የመረጠችው ነገር የለም።

እናቶቻችን ሁሉ ቤት ነው የወለዱት። ምን ሆኑ?

ይኼን የሚነግሩን የተረፉት ናቸው። ያልተረፈችው ቡና ላይ መጥታ አታወራም።

አንድ ቀን አያታችሁን ቁጭ አድርጉና ጠይቁ። «ስንት ወለዱ?» ብቻ ብላችሁ አትተዉ። «ስንቱ አደገልዎት?» በሉ። ቀጥላችሁም «ከእኩዮችዎ በወሊድ የሞተች ያውቃሉ?» በሉ። እኔ ጠይቄ ስም ሳይጠሩልኝ የቀሩ ሴት አያት አላገኘሁም።

ቁጥርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን ከ100,000 ሕያው ልደት 871 እናቶች እንደሚሞቱ ገምቶ ነበር። በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 412 ወረደ። ጤና ተቋም የሚወልዱት ደግሞ በ2000 ከመቶ 5 ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 26፣ በ2019 ከመቶ 48 ደረሱ። ለውጡን ሁሉ ወሊድ ክፍሉ ነው ያመጣው ልል አልችልም። መንገዱም፣ የሴቶች ትምህርቱም፣ የወሊድ መቆጣጠሪያውም አብሮ ተለውጧል። ግን 412ም ቢሆን ብዙ ሬሳ ነው።

ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ። ቤት የወለደች ሴት አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ትገላገላለች። ሰውን የሚያዘናጋውም ይኼው ነው። አምስቱን በሰላም የወለደች ስድስተኛው ላይ ማንንም አትሰማም። «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» ትልሻለች።

የውጭ አገር ሴቶች ብቻቸውን በሰላም ሲወልዱ አይቻለሁ። ውሸት ነው?

ውሸት ላይሆን ይችላል። ግን ከፍቶባት ወደ ሆስፒታል የተሮጠላት ሴት ቪዲዮዋን አትለጥፍም። የምታዩት የተመረጠውን ነው።

እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ። ወደ 64,000 የሚጠጉ፣ ምንም ችግር አይጠበቅባቸውም የተባሉ እናቶች ተጠንተዋል። ሁለተኛና ከዚያ በላይ ልጅ ለሚወልዱት፣ ቤት በአዋላጅ መውለድ በሕፃኑ ላይ የተለየ ጉዳት አላመጣም። ለበኩር ልጅ ግን ተለየ። ሐኪም ባለበት ክፍል ከ1,000 ውስጥ 5.3 የነበረው የከባድ ችግር መጠን ቤት በጀመሩት ላይ 9.3 ሆነ። ቤት ከጀመሩት የበኩር ወላጆች ውስጥም ከመቶ 45ቱ በምጥ መሀል ወይም ወዲያው ከወሊድ በኋላ ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል። ልብ በሉ፤ ይኼ ሁሉ የሆነው የሠለጠነች አዋላጅ አጠገባቸው ተቀምጣ፣ አስፋልቱ ክፍት ሆኖ፣ አምቡላንሱ ተጠርቶ እየመጣ ነው። ብቻዋን ለወለደችው ሴት ይኼ ቁጥር ዋስ አይሆናትም።

የሚሸሹትም ነገር ከእኛ ይለያል። ብዙዎቹ የሚሸሹት ሳያስፈልግ መቀደድን፣ ሳይጠየቁ መነካትን ነው። ያንን ቅሬታ አልንቅም። ባሕር ዳር ውስጥም «ሳያስፈልገኝ ቀደዱኝ» የምትል ሴት አጋጥማኛለች። ግን የገጠሯ እናታችን ችግር ሐኪም በዛብኝ አይደለም።

ወሊድ ተፈጥሮ አይደል? ባለሙያው ምን ይጨምራል?

ተፈጥሮ ነው። ደም መፍሰስም ተፈጥሮ ነው።

ከወሊድ በኋላ የሚፈሰው ደም ለእናቶች ሞት ቀዳሚ ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ ነው። ክፋቱ ምልክት አይሰጥም። ክትትሏ የተስተካከለ፣ ምጧ የቀለለላት ሴት ላይም ይመጣል፤ ማህፀን እምቢ ብሎ ሳይኮማተር ሲቀር በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድላት ይችላል። እኛ ሕፃኑ እንደወጣ ወዲያውኑ ኦክሲቶሲን የሚባል መርፌ እንወጋለን። ይኸው ነው ምሥጢሩ። መርፌው ግን ፍሪጅ ይፈልጋል፤ ጓዳ ውስጥ አስቀምጠው የሚጠብቁት ነገር አይደለም።

ሌላው የማያለቅስ ሕፃን ነው። ደረቅ ካደረግነውና ጀርባውን ካሸነው በኋላም ካልተነፈሰ፣ በመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ውስጥ አምቡ በሚባለው መሣሪያ አየር መስጠት እንጀምራለን። አንድ ደቂቃ ማለት ከእናንተ ቤት እስከ ዋናው መንገድ እንኳ አያደርስም።

ደም ግፊትም አለ። የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ ማበጥ፣ ከዚያ መንቀጥቀጥ። መንቀጥቀጡን ሰው ልክፍት ነው ይላል። ጸበሉን ማንም አይከለክልም፤ ግን ማግኒዥየም የሚባለው መርፌ ይቅደም፤ ቄሱም ቢሆኑ አይቃወሟችሁም። እኔ የማውቃቸው ቄስ እንዲያውም ራሳቸው ናቸው አምቡላንስ የሚደውሉት።

ሞት ብቻም አይደለም መጨረሻው። ምጥ ቀናት ሲፈጅ የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን ሥጋ ተጭኖ ይገድለዋል፤ ሽንቷ ያለ ፈቃዷ መፍሰስ ይጀምራል። ፊስቱላ ነው። ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ከባለቤታቸው ጋር አዲስ አበባ ያቋቋሙት የፊስቱላ ሆስፒታል እዚህ ባሕር ዳርም ቅርንጫፍ አለው። ሕክምናው አለ፤ ይድናል። ግን ለዓመታት ከሰው ተደብቃ የኖረች ሴት እዚያ ስትደርስ ዓይኗን ማየት ያስቸግራል።

ደቅ ደሴት ላይ ላለች ሴትስ? ጀልባው አይገኝም፣ መንገዱም ይዘጋል።

ይኼን የሚጠይቀኝ ሰው ልክ ነው። ከደቅ ባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ሰዓታት ይፈጃል። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ጀልባኛው «ነገ ጠዋት» ይላል። ምጥ ነገ ጠዋትን አያውቅም። ደረቁም መሬት ቢሆን ካለፉት ዓመታት ወዲህ መንገድ የሚዘጋበት፣ ማታ መንቀሳቀስ የማይቻልበት ቀን በዝቷል።

ስለዚህ ለእሷ መፍትሔው ምጥ ሳይጀምራት መሻገር ነው። ብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ አላቸው። ቀኗ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው መጥታ ትቀመጣለች፤ እህሉን ኅብረተሰቡ ያዋጣል፤ ቡና ይፈላል፤ ስትወልድ ገንፎው እዚያው ይገነፋል። በጣም ጥሩ ነገር ነው። ይኼን ብዬ ግን አላበቃም፤ ምክንያቱም «ማቆያ አለ፣ ለምን አልመጣችም?» ማለት ለእኛ ይቀለናል። ቤት የተወቻቸው አራት ልጆች አሉ። ላሟን የሚያልብ የለም። ማቆያው ውስጥ አንዳንዴ ፍራሹ ያልቃል፣ አንዳንዴ ምጣዱ የለም። ሁለት ሳምንት ቤቷን ጥላ እንድትመጣ ስንጠይቃት እኛም የምትቀመጥበትን ነገር ማሟላት አለብን።

ከተማው ውስጥ ሆናችሁ ይኼን የምታነቡ ግን እንዲህ አትበሉ። ከሽምብጥ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል፣ ከቀበሌ 14 ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ስንት ደቂቃ ነው?

ጤና ጣቢያ ይሰድባሉ፣ ይጮኻሉ ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። ሁሉም ቦታ፣ ሁልጊዜ አይደለም። ግን አለ። እኔም ጮኼ አውቃለሁ። ሌሊቱን ሦስት ሴት ብቻዬን አዋልጄ ጠዋት ላይ አራተኛዋ ስትመጣ «እስካሁን የት ነበርሽ?» ብዬ አንባርቄያለሁ። ድካም ምክንያት ይሆናል፤ ይቅርታ ግን አያሰጥም። ምክንያቱም ያች ሴት መንደሯ ስትመለስ የምታወራው ስለ መርፌው አይደለም፤ ስለ ጩኸቴ ነው። እሷን ሰምታ ቤቷ የቀረችውን እኔ አላያትም።

መብታችሁን ልንገራችሁ። የምትወዱትን አንድ ሰው፣ እናትም ባልም ይሁን፣ አብሮ እንዲገባ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ነው። በመጀመሪያው የምጥ ደረጃ መራመድ ትችላላችሁ። የሚደረግላችሁ ነገር ከመደረጉ በፊት እንዲነገራችሁ ጠይቁ። የመንግሥት ጤና ጣቢያ ለወሊድ ገንዘብ አይጠይቅም። ጸበል መያዝ፣ «ማርያም ማርያም» ማለትም አልተከለከለም፤ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ሃያ ሰው ሆናችሁ አትግቡብን እንጂ።

ታዲያ ክፉ ቢመጣ ማን ይጠየቃል? ሕጉስ ምን ይላል?

ሕጉን ላስቀድም፤ አጭር ነው። ቤት መውለድን ወንጀል የሚያደርግ አንቀጽ በወንጀል ሕጉ የለም። ግን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 561 አለ። የነፍሰ ጡርን ሆድ ማሸት፣ ምጥ የጠናባትን ሴት መወዝወዝ፣ አራስ ሕፃንን ቅቤ ማስዋጥና የመሳሰሉትን ጎጂ ልማዶች ስም እየጠራ ያነሣል። በዚህ ምክንያት እናት ወይም ሕፃን ከሞተ አድራጊው ይቀጣል። አንቀጽ 543 ደግሞ በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይመለከታል። እንደ ሐኪምና እንደ ሾፌር የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። ይኼ እኔንም ይጨምራል።

ከሕጉ ውጭ ያለው ግን ሰፊ ነው። አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

ከሐይቁ ማዶ አንዲት ሴት ንጋት ላይ በጀልባ መጣች። ምጧ ሁለት ሌሊት አልፎታል። የልጁን ልብ ምት ሳዳምጥ ዝም ብሏል። እሷ ተረፈች። ግቢው ውስጥ ባልየው «የእግዜር ሥራ ነው» አለ። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ «ቀድማ ብትመጣ ኖሮ» አለ። እሷ ምንም አላለችም።

በኋላ ነገሩ ቁርጥራጭ ሆኖ ተሰማ። መጀመሪያ አማቲቱ «የበኩር ምጥ ይቆያል፣ ነገ እንይ» አሉ። ባልየው ለጀልባ የሚሆን ብር እስኪበደር ግማሽ ቀን ሄደ። ጀልባኛው ነፋስ ፈርቶ አደረ፤ በእርግጥም ነፋስ ነበር። የመጨረሻው ደግሞ ወደ እኔ መጣ። ለክትትል ስትመጣ ዘግይታ ስለነበር ቆጣ ብዬ ልኬያታለሁ። «ምጥ ሲጀምራት ጤና ጣቢያ አልሄድም ያለችው እሷ ናት» አሉኝ አማቲቱ።

በእኛ ሙያ ይኼን ሦስቱ መዘግየቶች እንለዋለን፤ ለመወሰን መዘግየት፣ ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። ስልጠና ላይ ሦስት ሳጥን ተደርጎ ይሳላል። በሳጥኖቹ ውስጥ ግን ሰዎች አሉ። ከሁላችንም ያነሰ ሥልጣን የነበራት እሷ ነበረች። ከሁላችንም የበለጠ የተወቀሰችው እሷ ናት።

እኔ እንግዲህ የምለካው በሁለት ጥያቄ ነው። ማን ያውቅ ነበር? ማን ማድረግ ይችል ነበር? ሁለቱን የያዘ ሰው ብዙ ይጠየቃል። በዚህ ልክ የደቋ ሴትና አስፋልት ዳር ሆና፣ ክትትሏን ይዛ፣ «ደም ግፊትሽ ከፍ ብሏል፣ ቤት አትውለጂ» ተብላ እምቢ ያለችው አንድ አይደሉም። ያችኛዋም ብትሆን አዋቂ ናት፤ በግድ አልጋ ላይ አናወጣትም። አካሏ የእሷ ነው። ግን ምርጫው የእኔ ነው ያለ ሰው የምርጫውንም ሸክም ይዞ ነው።

አንድ የሚዘነጋ ሰው ደግሞ አለ። በስልክ «አትፍሪ፣ ሰውነትሽ ያውቃል» እያለ የሚመክረው፣ አንዳንዴም በገንዘብ የሚመክረው። ክፉ ሲመጣ «የራሷ ምርጫ ነው» ብሎ ይጠፋል። እናቲቱን ከመውቀሳችሁ በፊት እሱን ፈልጉልኝ።

የልምድ አዋላጆችስ ጥፋተኛ ናቸው?

ብዙዎቹ ጎበዝ ሴቶች ናቸው። ማንም ባልነበረበት ዘመን እነሱ ነበሩ። መርፌውና የሠለጠነ እጅ ስለሌላቸው ግን ዛሬ ቦታቸው ሌላ ነው፤ ምጥ እንደያዛት አይተው ይዘዋት መምጣት። እኔ ጋ እንደዚያ የሚያደርጉ ሁለት እናቶች ነበሩ። ወሊድ ክፍል ገብተው ወገቧን ይይዙላታል፤ እኔ ደግሞ ሥራዬን እሠራለሁ። ተስማምተን ኖረናል።

ቤት ወልጄ ልጄ ሞተብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው?

ይኼን በጽሑፍ መመለስ ይከብደኛል። ስለ ልጅሽ አዝናለሁ።

ምን እንደሆነ ሳላውቅ «አይደለም» ብልሽ አታምኚኝም፤ «ነው» የሚልሽም አያውቅም። ጤና ጣቢያ ተወልደው የሚሞቱም አሉ። ለሚቀጥለው እርግዝና ግን ነገሩን ለአዋላጅ ንገሪ። በተለይ ልጆች ተደጋግመው ከሞቱብሽና ሰው «ሾተላይ ነው» ካለሽ ደምሽን ተመርመሪ። የእናት ደም ኔጌቲቭ፣ የልጁ ፖዘቲቭ ሲሆን የሚመጣ ነገር ነው፤ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ መከላከያ መርፌ አለው።

ድንገት ቤት ውስጥ ቢመጣብንስ?

ደውሉ፤ የጤና ጣቢያውን አምቡላንስ ወይም የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። ስልካቸውን ከአሁኑ ያዙ። ሆዷን አትጫኑ። እጅ ታጠቡ። ሕፃኑ ሲወጣ በደረቅ ጨርቅ አድርቁት፣ እናቱ ደረት ላይ አድርጉት፣ አብራችሁ ሸፍኑ፤ ጡት ያዙት። እትብቱን ለመቁረጥ አትቸኩሉ፤ ንጹሕ አዲስ ምላጭ ከሌለ ሳትቆርጡ ኑ። እንግዴ ልጁን አትጎትቱ። ቅቤ አታስውጡት። ደም ከበዛ ምንም ነገር አትጠብቁ። በሰላም ቢያልቅም በዚያው ቀን ሁለቱንም አምጧቸው።

ቤት የተወለደ ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት ያገኛል?

ያገኛል። በ90 ቀን ውስጥ ቀበሌ ሄዳችሁ አስመዝግቡ።

ጤና ጣቢያ ከወለድኩ እንግዴ ልጁን ይሰጡኛል?

ሳቅ የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልስቅም። በዚህ ምክንያት ብቻ ምራታቸውን ቤት ያስቀሩ አማቶች አውቃለሁ። «እትብቱ የተቀበረበት» የምንል ሕዝብ ነን እኮ። እኛ በሠራንበት ቤት ለጠየቀ ቤተሰብ በፕላስቲክ ጠቅልለን እንሰጥ ነበር። ለክትትል ስትመጡ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የሚይዝ ነገርም ከቤት ይዛችሁ ኑ፤ እኛ ጋ ፌስታል ሁልጊዜ ያልቃል።